ዓይነ ርግብ የለበሰ ሰላጣ

ርግብን የሰላም ምልክት ያደረገ ሰው ሰላጣ ተክሎ አያውቅም። የቬሎ ሰፊዋ ግን ተክላለች፤ ከቤቷ ኋላ፣ ከአሸንዳው ሥር። ርግቦቹ አሸንዳው ላይ ተደርድረው ይውሉና ኩሳቸውን ቅጠሉ ላይ ይለቁባታል።

ድሮ ቢሆን አጥባ ትበላው ነበር። አሁን ግን ባሏን፣ የግማሹን ሰፈር ወለል ሴራሚክ ያነጠፈውን ሰው፣ የደም ካንሰር አልጋ ላይ አውሎታል። ሐኪሙ "መድኃኒቱ አዳክሞታል፤ ደሙ እስኪያገግም ጥሬ ቅጠል እንዳይቀምስ፤ ወፍ ያረፈበትማ ጭራሽ" ብሎ አስጠንቅቋታል። ሰውየው ደግሞ ከምግብ ሁሉ የሚያምረው ሎሚ የተጨመቀበት ጥሬ ሰላጣ ብቻ ሆነ።

"ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማሽም? አንዲት ቅጠል ብቻ!" ይላታል።

"አርፈህ ተኛ። ስትድን መደቡን ሙሉ ትግጣለህ።"

ለዚያ ቀን ስትል ከሙሽሮች የተረፈውን ዓይነ ርግብ ቀጣጥላ መደቡ ላይ ወጠረችው። ባሏ በመስኮት አይቶ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ።

"ርግብን በዓይነ ርግብ! ሰላጣውን ልትድሪው ነው?"

ጨርቁ ርግቦቹን ከለከለ እንጂ ኩሱን አልከለከለም፤ ቀጭኑ በቀዳዳው ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብላ ቅጠል በቅጠል ታያለች፤ የተነካውን ቀጥፋ ትጥላለች፤ እጇን በሳሙና እየታጠበች ርግቦቹን ከነዘር ማንዘራቸው ትረግማለች።

የደሙን ምርመራ ውጤት ልትቀበል ብቻዋን የሄደች ቀን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቆማት።

"ከእንግዲህ ያማረውን ሁሉ ይብላ።"

"ሰላጣም?"

"ሰላጣም።"

ደስታ አሰከራት። ታክሲ ውስጥ ለማታውቃት ሴትዮ ሳይቀር "ባሌ ተፈቀደለት" አለቻት። ቤት ደርሳ ልብሷን ሳትቀይር ከመደቡ መሃል ለጋ ለጋውን ቀጠፈች። ቧንቧው ሥር ሁለተኛውን ቅጠል ስታጥብ፣ ሐኪሙ ያን ሲላት ዓይን ዓይኗን እንዳላየ ትዝ አላት። ደሙ አገግሟል አላለም። ውሃው እየፈሰሰ ቆማ ቀረች። በራሷ ተናደደች፤ ያኔ፣ ጉሮሮው ገና ሲውጥ፣ ብትሰጠው ምን ነበረበት!

ሎሚ ጨምቃ ወሰደችለት። አንዷን ጎረሰ። አላመጠ፣ አላመጠ፣ መዋጥ አቃተው። መዳፏን ዘረጋችለትና ተፋው።

"ከቅጠሉ አይደለም" አላት አፉን ስትጠርግለት፤ "ንጹሕ ነው።"