ከጋቢ ስር የተመረጠው ጆይስቲክ

ሽማግሌው የጥበቃ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በላዩ ጋቢ ደርበዋል። ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የሃዊ ሱቅ የገቡት ለፕሌይስቴሽን የሚሆን ገመድ አልባ ጆይስቲክ ፈልገው ነው። ሃዊ የምትሰጣቸውን ሁሉ ጋቢው ውስጥ ይከቱና፣ ዓይናቸውን የሱቁ መሞከሪያ ቴሌቪዥን ላይ ተክለው የኳስ ጌም ይጫወታሉ።

«ይሄ ቁልፉ ጠንካራ ነው፤ ጣት ያደክማል። ሌላ አምጪ!»

«አባባ፣ ምነው አውጥተው እያዩ ቢሞክሩት?»

«ሳላየው ካልታዘዘኝ ምን ያደርግልኛል!»

በሦስተኛው ጆይስቲክ ጎል አገቡ። ጆይስቲኩን ወደ ላይ ይዘው ብድግ ሲሉ ጋቢው ወለል ላይ ቀረ።

«ይሄ ነው! በይ ቶሎ ጠቅልዪልኝ!»

«ለልጅ ልጅዎ ነው?»

«ኧረ ለባለቤቴ ነው! ልጃችን አግብቶ ሲወጣ ማጫወቻውን ትቶልን ሄደ። እሷ ወገቧን ታማ ከተኛች ወዲህ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ነው የምትገጥመኝ። ታዲያ በተሸነፈች ቁጥር ‹ገመዱ ተጠላልፎብኝ ነው እንጂ› ትላለች።»

ሃዊ ሳቋ መጣ። «አሁንስ በምን ሊያሳብቡ ነው?»

«አሁንማ ምን ሰበብ ያስፈልጋታል? ድምጥማጤን ነው የምታጠፋው!»

ፊታቸው በርቷል። ሃዊ ጋቢያቸውን ከወለሉ አንስታ ባትሮጥላቸው ኖሮ ረስተውት ሊሄዱ ነበር። ተቀብለዋት «ገላን! ገላን!» እያለ ወደሚጣራው ታክሲ በረሩ።

ሃዊ ሊሸነፍ እንዲህ የሚጣደፍ ሰው አይታ አታውቅም።