ብረቱ የሸፈነው ቁስል

ላዝሀር በቀይረዋን ገጠር የወይራ ዛፍ እየገረዘ የሚኖር ወንደላጤ ሽማግሌ ነው። ዘመድም ልጅም የሚላት ናጅማን ነበር፤ ወገበ ቀጭን የአደን ውሻውን። ጥንቸል አይታ ስትፈተለክ ከኋላዋ ሆኖ ያንጎራጉርላታል፦

ነፋስ ቢከተልሽ ደክሞት ተመለሰ፣
የኔ ልብ ብቻ ነው እግርሽ ስር የደረሰ።

በበጋው አጋማሽ መዥገር ወረራት። እግሮቿ ላይም አልድን ያለ ቁስል ወጣ። ላዝሀር አባቱ ሲያደርጉ እንዳየው ብረት አግሎ ቁስሎቹን ተኮሳቸው። አልጮኸችም፤ ዓይን ዓይኑን ብቻ አየችው።

ጠባሳው ደረቀ፣ እሷ ግን ከሳች። ከተማ ወስዶ ለእንስሳት ሐኪሟ ለዶክተር ዋሲላ አሳያት። ሐኪሟ ደሟን በማይክሮስኮፕ መርምራ መዥገር የሚያስተላልፈውን ተውሳክ አገኘችና መርፌ ወጋቻት። ስለ እግሯ ጠባሳ ስትጠይቀው ላዝሀር አፈረ። ሐኪሟ ቁስል በሚተኩሱ ሰዎች ላይ እንደምትቆጣ ሰምቷል። እናም ቡችላ ሳለች እግሯ እንዲጠነክር የተተኮሰችው ነው ብሎ ዋሸ። የአዳኝ ሁሉ ልማድ ስለሆነ ሐኪሟ አመነችው።

ናጅማ ለጥቂት ቀን በላች፤ ከዚያ ባሰባት። የዓይኗ ዙሪያ ጸጉር ረገፈ፣ ጥፍሯ ያለ ልክ ረዘመ። ላዝሀር እንቅልፍ አጣ። በወሩ ታቅፏት ተመለሰ። ሐኪሟ ደሟን ደግማ አይታ የመዥገሩ ተውሳክ መጥፋቱን ነገረችው። ታዲያ ምን እያመነመናት እንደሆነ ግራ ገባት።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ጠባሳው የዘንድሮ ነው። ቁስል ነበር፤ እኔ ነኝ የተኮስኩት።»

ዶክተር ዋሲላ አልተቆጣችውም። ካበጠው የናጅማ እጢ በመርፌ ፈሳሽ ቀዳች፤ የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው ሌላ ተውሳክ እዚያ ተገኘ። ሽንቷንም መረመረች።

«ሁለቱ አንድ ላይ ይዘዋት ኖሯል፣ አጎቴ ላዝሀር። ያን ቀን ቁስሉን ባውቅ፣ የሁለተኛው ምልክት ስለሆነ እፈልገው ነበር። አሁን ኩላሊቷ ተጎድቷል።»

«ትሞትብኛለች?»

«መድኃኒቱን ካላቋረጡ ትቆይልዎታለች። ሩጫ ግን የለም።»

መንደር ሲገባ የሰፈሩ አዳኞች ከግንብ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ በሺር ከሩቅ ጀመረው፦ «ምነው፣ ሙሽራ ሆነችና ነው የምትታቀፋት?»

ሰዎቹ ሳቁ። ላዝሀር ናጅማን ፊታቸው አስቀምጦ እግሯን አሳያቸው። ብረቱን ስለማጋሉም፣ ለሐኪሟ ስለመዋሸቱም፣ ውሻዋ ከእንግዲህ እንደማትሮጥም ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው።

ሳቁ ቆመ። በሺር አጠገቡ የተኛችውን የራሱን ውሻ እግር ቀስ ብሎ አነሳና ወደ ብርሃኑ አዞረው።