ቀሪውን ቆጥረሽ ነይ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግሩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት የቅኔ መምህር። ቤታችንና ጎጆአቸው ከአንኮበር ወረድ ብሎ ካለ ደብር አጥር ሥር ጎን ለጎን ነበሩ። ሲመሽ እናቴ ራታቸውን በሳህን ሸፍና ትልከኛለች፣ እኔም በልተው እስኪጨርሱ ከምድጃው አጠገብ እቀመጣለሁ። ጎጆዋ መስኮት አልነበራትም። ጭሱ በጣሪያው ሣር መሐል መንገድ ፈልጎ እስኪወጣ ዓይን ያቃጥላል፣ ከውጭ ደግሞ ከገደሉ የሚነሳው ጉም በበሩ ስንጥቅ እየገባ ከጭሱ ጋር ይደባለቃል፤ ያኔ ጭስና ጉም አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ከኩራዟ ብርሃን የሚደርሰኝ እጃቸውንና የጢማቸውን ጫፍ ለማየት ያህል ብቻ ነው።

መምህር ልበላቸው እንጂ ያን ጊዜ አንድም ተማሪ አልነበራቸውም። እናቴ እንደምትለው፣ እኔ ሳልወለድ በፊት በአጥሩ ሥር የተማሪ ጎጆ ተደርድሮ ነበር። በቅኔ ቤት ወግ መምህሩ በየጊዜው አዲስ ቅኔ አውጥቶ ለተማሪው ያሰማል፤ የትናንቱን ቢደግም ያፍርበታል። ተማሪው ያንን ሰምቶ በማግሥቱ ከሰው ይለያል፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን በልቡ ያበጃል። ይህን ቅኔ መቁጠር ይሉታል። ማታ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል፤ ያማረ እንደሆነ «ይበል» ይባልለታል። ተማሪዎቹ ግን ከፊሉ ወደ ደብረ ብርሃን ሥራ ፍለጋ፣ ከፊሉ ወደ አስኳላ ትምህርት እያሉ ተበተኑ። ጎጆዎቹ ፈረሱ። የኔታም ቅኔ ማውጣት ተዉ። በበዓል ቀን ካህናቱ ሲለምኗቸው አርጅቻለሁ እያሉ እምቢ ይሉ ነበር።

እኔም ቢሆን ብቻዬን ነበርኩ። አባቴ የዚያው ደብር ቄስ ነበር፤ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ወንድምም እህትም የለኝም። ቤታችን ውስጥ ሰው እንደ ተኛ ሁሉ እናቴና እኔ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው። ወደ የኔታ የምሮጠው ለተረቱ ነው ብዬ ለእናቴ እነግራት ነበር። እውነቱን ለመናገር የሰው ድምፅ ርቦኝ ነበር።

አንድ ምሽት ስለ አንድ ነጋዴ ጀመሩልኝ። ሰውየው በቅሎውን እየሳበ ጣርማ በርን ሲያቋርጥ ጉም ይወርድበታል፤ የገዛ እጁን እንኳ ማየት ያቅተዋል። በዚህ መሐል ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ «አሰፋ! አሰፋ!» እያለ ይጣራል። ነጋዴው አሰፋ አይባልም። በመንገዱ ላይም ከሱ በቀር ሰው የለም። የኔታ እዚህ ሲደርሱ ተረቱን አቆሙና ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሱ ጀመር። ጠበቅሁ። ከዚያስ ብላቸው ዓይናቸውን ከእሳቱ ሳያነሱ፣

«ቀሪውን ቆጥረሽ ነይ» አሉኝ።

በማግሥቱ ማታ እየተጣደፍኩ ሄድኩ። ድምፁ የጅብ ነበር፣ ነጋዴው በዱላ አናቱን ብሎት ቤቱ ገባ፣ ራቱን በላ፣ አለቀ አልኳቸው። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ጅቡ የሳቸው መሆኑን፣ ባለፈው ሳምንት በሌላ ተረት የነገሩኝ እሳቸው መሆናቸውን አስታወሱኝ። ከዚያም፣ «የላከችልኝን ራት አሙቄ መልሼ ብልክላት እናትሽ ምን ትለኛለች?» አሉ። ቀልዳቸው ነበር። እኔ ግን ከፋኝ፣ አለቀስኩም። በሚቀጥለው ቀን ሳህኑን በር ላይ ሰጥቼ ሳልቀመጥ ተመለስኩ።

ተረቱ ግን አልለቀቀኝም። ምንጭ ወርጄ እንስራዬ እስኪሞላ ስጠብቅ በአልዩ አምባ በኩል ጉም ሽቅብ መጣና ዙሪያዬን ሸፈነው። ከዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን ትጠራለች። የምትጠራው ስም የኔ አይደለም፣ ሴትየዋንም አላውቃትም። ሆኖም «አቤት» ልላት አፌን ከፈትኩ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ልጅቷ ከሆነ ቦታ መለሰችላትና ድምፃቸው አብሮ ራቀ።

ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነገርኳቸው። የሚጣራው መንገድ የጠፋበት ሌላ ሰው ነው አልኩ። አሰፋ የሚለው ወንድሙን ነው፤ ወንድሙ ሞቷል፣ መሞቱንም ያውቃል፤ ግን ሲፈራ ጠርቶት የሚያውቀው ሌላ ስም የለውም። ነጋዴው መጀመሪያ እኔ አሰፋ አይደለሁም ሊል አስቦ ነበር፤ ኋላ ግን አቤት አለ። እየተጠራሩ ቁልቁለቱን ወረዱ።

«ይበል» እስኪሉኝ ጠበቅሁ፤ አላሉም። ሲገናኙስ፣ ፊት ለፊት ሲተያዩስ ምን ተባባሉ ብለው ጠየቁኝ። እሱን ገና አልቆጠርኩትም አልኩ። የጋቢያቸውን ጫፍ አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ እኔም ጭሱ ነው ብዬ በሩን ልከፍትላቸው ተነሳሁ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ሰዉ ዝም አይነቅዝም ይላል። የኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር፣ ልጄ።»

በሚቀጥለው የደብሩ ንግሥ የኔታ ከማኅሌቱ መሐል መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና ቅኔ አወጡ። ግዕዙ ለኔ አይገባኝም፤ ካህናቱ ግን «ይበል! ይበል!» አሉ፣ አንዱ ሽማግሌ ቄስም በደመና ውስጥ ስለሚጣራ ድምፅ መሆኑን ለእናቴ ሲተረጉምላት ሰማሁ። እናቴ ከአባቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ እልል አለች። ከዚያ ወዲያ የኔታ ዐረፍተ ዘመናቸው እስኪገታ በየበዓሉ ያወጡ ነበር፤ በየምሽቱም ለኔ ግማሽ ግማሽ ተረት ይሰጡኛል።

ዛሬ የምኖረው ደብረ ብርሃን በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ መጽሐፍ አሳትሜያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የረባ ነገር አልጻፍኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ በተውሶ የመማሪያ ክፍል ወጣቶችን ድርሰት አስተምራለሁ። ስጀምር ሳልወድ ነው፤ ማስተማር ማለት ለራሴ ካስቀመጥኩት ላይ ቀንሶ ለሰው ማደል ይመስለኝ ነበር። ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ እናገራለሁ፣ የሠሩትን በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፣ ቤቴ ስገባ ደክሞኛል። ለምን አልጻፍሽም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ባይኖርም ለራሴ የምሰጠው ሰበብ ሞልቶ ነበር፦ ብርዱ፣ የመብራት መጥፋቱ፣ የተማሪው ነገር። ተማሪዎቹም ቀስ በቀስ መምጣት ተዉ።

አንድ ቅዳሜ ዘሃራ ብቻ መጣች። ዘሃራ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ከዛሬ ወዲያ ትምህርቱ ቀርቷል ልላት ወስኜ ነበር፤ ለአንድ ልጅ ብዬ በዚያ ውርጭ መመላለሱ ሞኝነት መሰለኝ። ከዚያ በፊት ግን የጻፍሽውን አንብቢልኝ አልኳት። ወረቀቷን አጥፋ ጭኗ ላይ ያዘችው።

«ቲቸር፣ እርስዎስ ምን ጽፈው መጡ?»

በድፍረት አልነበረም፤ አንገቷን ደፍታ ነው የጠየቀችኝ። ምንም አልጻፍኩም አልኳት። እሷም «እኔ ብቻ ሁልጊዜ ሳነብ ሰው መሐል ያለ ልብስ የቆምኩ ይመስለኛል፣ ኢንሻአላህ ለሚመጣው ቅዳሜ ሁለታችንም ይዘን እንምጣ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ትምህርቱ ቀርቷል የሚለው ቃል አፌ ላይ ቀረ።

ያን ሳምንት እናቴ ከሞተች ወዲህ ዘግቼው ስለመጣሁት የአንኮበሩ ቤት አንድ ገጽ ጻፍኩ። ቅዳሜ ቀድሜ ሳነብላት ሁለት ጊዜ መስመር ስቼ እንደገና ጀመርኩ፤ መጽሐፌን በአዳራሽ ሰው ፊት ሳነብ እንዲህ አልሆንኩም። ዘሃራ አላደነቀችኝም። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔው ጋ ነው አልኳት።

«ታዲያ ለምን አልገቡም?»

መልሱን አላውቀውም። ሁለተኛውን ገጽ የጻፍኩት እሱን ስፈልግ ነው፣ ሦስተኛውንም። አሁን ከዘሃራ ሌላ ሁለት ልጆች ተመልሰው መጥተዋል፤ ሁላችንም ይዘን እንመጣለን፣ ሁላችንም እንታረማለን። እሷ ትምህርቷን ስትጨርስ ትሄዳለች፣ ክፍሉም አንድ ቀን መዘጋቱ አይቀርም፤ ይህን ሳስብ ከወዲሁ ይጨንቀኛል።

ማታ ለብቻዬ ስቀመጥ የማስበው የኔታን ነው። ተረቱን መሐል ላይ የሚያቆሙት እኔን ለማስተማር ይመስለኝ ነበር፤ ቀሪውን እሳቸው እያወቁት የደበቁኝ፣ እኔም እስክደርስበት በትዕግሥት የሚጠብቁኝ። ይህን እያመንኩ ነው ያደግሁት። ለካ ቀሪውን እሳቸውም አያውቁትም ነበር፤ የሚጠይቁትም ሰው ራት ከምታመጣላቸው ልጅ በቀር አልነበራቸውም።