የእህቴ የጆሮ ቁስል

ትናንት በሚኒባስ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ስሄድ፣ ወናጎን እንዳለፍን ቡና የተሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች አየሁ። ሴቶቹ በቀትር ፀሐይ ጎንበስ ብለው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ታላቅ እህቴ አስቴር ትዝ አለችኝ።

አስቴር አልቢኖ ሆና ነው የተወለደችው። ቆዳዋ ነጭ፣ ፀጉሯ የበቆሎ ጺም የመሰለ። መንደራችን ኢዲዶ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትለቅም ፀሐዩ ፊቷን ይለበልባት ነበር። እኛም ለመድነው። መልመዳችን ዛሬም ይቆጨኛል።

ያኔ ዲላ ነርስነት እማር ነበር። በኅዳር፣ ቡናው በሚደርስበት ሰሞን፣ ለእረፍት ቤት ገባሁ። እናታችን ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረበችልን። አስቴር ልትጎርስ ዘንበል ስትል ሻሿ ተንሸራተተና ጆሮዋ ጫፍ ላይ ቁስል አየሁ። ጠርዙ ጠጥሮ ከፍ ብሏል፤ መሐሉ ቅርፊት ይዟል።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ክረምት ላይ የቡና ቅርንጫፍ ጭሮኝ ነው» አለች። «ይደርቃል፣ ደግሞ ይደማል። ግን አያመኝም እኮ።»

ደነገጥኩ። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን፣ ሲነካ የሚደማ ቁስል የቆዳ ካንሰር ሊሆን እንደሚችል፣ ባያምም መታየት እንዳለበት ተምሬ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው።

የአባታችን ፊት ተለወጠ። «ሰርጓ ሁለት ወር ነው የቀረው፤ የዚህን በሽታ ስም አታንሺብኝ። ቤተ ክርስቲያንም ተጸልዮላታል።»

«እየጸለይን እንሂድ፣ አባባ» አልኩ። አባቴን እንዲያ መናገሬ ለራሴም ገረመኝ።

አስቴር ሻሿን አስተካከለች። «ነገ እንሄዳለን። ታደሰ የሚያገባኝ ለጆሮዬ ብሎ አይደለም።»

እናታችን ሳቀች፤ አባባም መሳቁን መደበቅ አልቻለም።

በማግስቱ ዲላ ወሰድኳት። ሐኪሙ አገላብጦ አየና ወደ ሐዋሳ ላከን። ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ግን ገና አልተሰራጨም። የጆሮዋ ጫፍ ከነቁስሉ ተቆርጦ ወጣ። ሰርጉ በአንድ ወር ተራዘመ እንጂ አልቀረም፤ ታደሰም ሐዋሳ ድረስ መጥቶ አስታሟታል። ከዚያ በኋላ አስቴር ወደ መጋዘን ሥራ ገባች፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣም ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አይለያትም።

ዛሬ እሷ አያት ናት፣ እኔም ጡረተኛ ነኝ። በሥራ ዘመኔ «ይታይ» ብዬ የላክኳቸው ብዙ ሰዎች ምንም ሳይገኝባቸው ተመልሰዋል፤ አንድም ቀን አላፈርኩም። ያኔ ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ የምናጣው የአንድ ቀን መንገድ ነበር። ዝም ብል ኖሮ ግን እህቴን አጣ ነበር።