የቀደድኩት ድርሰት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሰው ከቤቱ ተወስዶ በሚቀርበት ዓመት፣ ድሬዳዋ ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ነው። አንዲት ተማሪዬን በድያታለሁና እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከታሰረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። በየቀኑ ስንቅ እወስዳለሁ፤ ጠባቂው ይቀበለኛል። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልኝ "ዛሬም በላልኝ" እያልኩ እጽናና ነበር።

በዚያ ሰሞን ለልጆቹ በድርሰት ውስጥ ምልሰትን አስተምር ነበር። ከዛሬ ተነስቶ ወዳለፈው መመለስ ሲከብዳቸው አንድ ዘዴ ፈለግሁ።

"ከቤታችሁ ከጠፋ ዕቃ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ምን እንደሆነ ንገሩን" አልኳቸው።

ሂንዳ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። እናቷ ገበያ ቲማቲም ይሸጣሉ። ተነሥታ ማንበብ ጀመረች።

"እናቴ አረንጓዴ ሻሿን አሁን አታስርም።"

"ፍየል በልታባት ነው!" አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሂንዳ ቀጠለች። ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፣ ማለዳ ከእናቷ ጋር ወደ ገበያ ሲሄዱ፣ ከተማዋን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ የተገደለ ሰው አዩ። የባቡር ሠራተኛ ቱታ ለብሷል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም፤ ጠባሳው ግን የቆየ ነው። እናቷ "የሰው ልጅ ነው፣ ዝንብ አይረፍበት" ብለው ሻሻቸውን ፈቱና ፊቱን ሸፈኑት።

ባለቤቴ ሁለት ጣቶቹን ያጣው ፉርጎ ሲያያይዝ ነው። ትምህርት ከተከፈተ አምስት ሳምንት አልፏል። ያን ሁሉ ቀን ስንቁን ለማን ስወስድ እንደነበር ገባኝ።

ክፍሉ ውስጥ የካድሬ ልጆች ነበሩ። ወሬው ቤታቸው ቢገባ የሂንዳ እናት አይተርፉም።

"ይሄ ውሸት ነው። ቁጭ በይ!" አልኳት።

"ወላሂ ቲቸር፣ አልዋሸሁም! አብሬያት ነበርኩ!"

"ውሸታም ነሽ አልኩሽ!"

ደብተሯን ተቀብዬ ገጹን ቀደድኩት። እሷ አለቀሰች። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ በዚያን ጊዜ ለተገደለ ሰው ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር።

እናቷን ላመሰግን ሁለት ጊዜ መጋላ ሄጄ፣ ፈርቼ ከበራቸው ተመልሻለሁ። ሂንዳም ከዚያ ወዲያ ስለ አንበሳና ጥንቸል እንጂ ስለ ቤቷ አንድም ቀን አልጻፈችልኝም።

ባለቤቴ የት እንደተቀበረ አላውቅም። ቀባሪም አልቃሽም አላገኘም፤ ያዘነችለት አንዲት የማታውቀው ሴት ብቻ ናት። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ የምፈራውም የለኝም። ሂንዳ፣ በሕይወት ካለሽና ይህን ካነበብሽ፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት ልነግርሽ ይገባኝ የነበረው ይህ ነው፦ አልዋሸሽም። ሰውየው ባሌ ነበር።