ኦቦ ገመዳ ያመኑ ጊዜ

ቃጭል ያሰረች በቅሎ በደጄ ባለፈች ቁጥር፣ ዛሬም በዚህ በእርጅናዬ፣ የያዝኩትን አስቀምጬ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ልቤም ጭጋግ ከማይለየው ከድሮው የጎባ ግቢያችን ይገባና ቶሎ አይመለስልኝም።

አባቴ ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥቶ፣ አገሩ ከተያዘ በኋላ እዚያው የሰፈረ ወታደር ነበር። ደመወዙ ሰው ነበር፤ ገባሮች ተሰጥተውት፣ እነሱ እያረሱ፣ እንጨት እየፈለጡ፣ አጥር እያጠሩ እኛ እንኖር ነበር። ከነሱ መካከል ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባቴ የያዘው መሬት የአባታቸው ነበር። ለአባቴ ማር ሲያመጡ መጀመሪያ እኔን በጣታቸው ያቀምሱኝና «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» እያሉ ትከሻቸው ላይ ያወጡኝ ነበር። እናቴ «ይቺን ልጅ አሞላቀቋት» እያለች ትቆጣለች፣ ቁጣዋ ግን የምሯ አልነበረም።

ክረምቱ አልፎ ገብሱ መንጣት ሲጀምር የአባቴ በቅሎ ጠፋች። ማታውን ከሹሙ ቤት ድግስ ጠጅ ሲጠጣ አምሽቶ ነበር፤ ጠዋት ቢነሣ በቅሎዋ የለችም። «ደጄ ላይ አስሬያት ነው የገባሁት» ብሎ ማለ። ምናልባትም እውነት መስሎት ይሆናል፤ ጠጅ የማያስምለው ነገር የለም።

ያኔ ንብረት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ሌባው እስኪታወቅ ወይም ራሱ እስኪያምን ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየ ሰው ስሙ እንዳይወጣ «ወፍ ነገረችኝ» እያለ ይጠቁም ነበር፤ በዚያ ጊዜ ግን ወፏም የምትነግረው አልነበራትም። ሰዉ በብርድ ተኮራምቶ እዚያው እያደረ ሰነበተ፣ ጠባቂ ያጣው ገብስ ከርከሮ ይገባበት ጀመር፣ በተራራው በኩል ደግሞ በረዶ ያዘለ ደመና ይጠቁር ነበር። ከእናቴ ጋር ለአባቴ ምሳ ይዘን ስንሄድ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ማሳቸው አዙረው ድምፅ ሳያሰሙ ሲያለቅሱ አይ ነበር።

አንድ ቀን ኦቦ ገመዳ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አነቱ ፉዸቴ» አሉ በኦሮሞኛ፤ ቀጥለውም አባቴን እያዩ በአማርኛ ደገሙት። «እኔ ነኝ የወሰድኩ። ሰዉን ልቀቁት፣ ገብሱን ይጨድ።»

የት አደረስካት ቢባሉ «ሸጥኳት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በሰው ፊት ተገረፉ፣ ላማቸውም በበቅሎዋ ፋንታ ለአባቴ ተሰጠች። ሰዉ ግር ብሎ ወደ ማሳው ሮጠ፣ ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም። እኔ እያለቀስኩ «እሳቸው አይሰርቁም» ብል፣ አባቴ «ራሱ አምኗል እኮ» አለኝ።

በበጋው እናቴ ኮሶ ልትለቅም ይዛኝ ወጣች። ከሹሙ ቤት ወደ እኛ ከሚያመጣው መንገድ ሥር ካለው ገደል፣ ጅብ የጨረሰው የበቅሎ አጥንት አገኘን፤ ኮርቻው አጠገቡ ወድቋል፣ ቃጭሏም ሣር ውስጥ ነበረች። ሌባ ኮርቻ ጥሎ አይሄድም። በቅሎዋ በዚያ ማታ እኛ ደጅ አልደረሰችም ነበር፤ አባቴ ሰክሮ መንገድ ላይ ትቷት በእግሩ ገብቶ ኖሯል። እናቴ ቃጭሏን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወስዳ አባቴ ፊት አስቀመጠቻት።

«ሌባዎ ይኸው» አለችው።

አባቴ ቃጭሏን እያገላበጠ «በገባሮቼ ፊት ዋሽቼ ነበር ልበል?» አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ፣ የተሰጠውን ቀኖና ተቀብሎ ጉልበቱ እስኪላጥ ሲሰግድ አየሁት፣ አሳዘነኝም። እናቴ ግን አልለቀቀችውም። «ለእግዜር ነገሩት፤ እሱማ ቀድሞም ያውቅ ነበር። ሜዳው ላይ ለነበረው ሰው ማን ይንገረው?»

እሱ ሌላ መላ ያገኘ መሰለው። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ላሚቱን ንጋት ላይ ወስዶ ኦቦ ገመዳ ደጅ አስሯት ተመለሰ። ረፋዱ ላይ፣ ገባሩ ሁሉ ለሥራ ግቢያችን ተሰብስቦ ሳለ፣ ኦቦ ገመዳ ላሚቱን እየነዱ መጡ። ሌባ የተባለ ሰው ደጅ የጌታው ላም ታስራ ብትታይ ምን እንደሚባል አባቴ አላሰበውም ነበር።

«ጌታዬ፣ ላምዎ መንገድ ስታ እኛ ደጅ ተገኘች» አሉት።

ገመዱን ዘርግተው አዩት፣ ጠበቁት። እኔም ጠበቅሁ፣ እናቴም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። አባቴ ገመዱን ተቀበለና «እግዜር ይስጥህ» አላቸው፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ክረምት ሳይገባ ኦቦ ገመዳ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሃረና ጫካ ወረዱ። እናቴ ከዚያ ወዲያ የዚያችን ላም ወተት አልቀመሰችም። እኔም ማር በቀረበ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ነበር፣ አባቴም ለምን እንደሆነ ያውቃልና ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ሳይናገረው ሞተ።

ዘንድሮ ጎሮ ገበያ የሃረና ቡና ከምትሸጥ አንዲት ልጅ ጋር ስንጨዋወት የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅኋት። ሳትመልስ፣ አጠገቧ ጨው የምትሸጠዋ ሴት «የመነ ሃቱ ልጅ ናት፣ የሌባው ቤት» አለችኝ። የየትኛው ሌባ ብዬ ብጠይቅ፣ የኦቦ ገመዳ የልጅ ልጅ ልጅ ኖራለች። ሴትዮዋ ስድብ መናገሯም አልነበረም፤ መጠሪያቸው ሆኖ ቀርቷል። ልቤ ተሰበረ። «ቅድመ አያትሽ አልሰረቁም፤ በቅሎዋ ገደል ገብታ ነው፣ አባቴም ያውቅ ነበር» አልኳት።

ልጅቷ ቡናዋን መስፈሯን ሳታቆም «እኛማ እናውቃለን፣ አደዬ። ለነሱ ይንገሯቸው» አለችኝ።

ተነሥቼ ነገርኳቸው። ድምፄ እስኪዘጋ ተናገርኩ፤ ጥቂቶች ዞር ብለው አዩኝና ወደ ገበያቸው ተመለሱ። ያኔ አንድ ሽማግሌ ባንድ ቃል ሜዳ ሙሉ ሰው ነፃ አውጥተው ነበር፤ የእኔ ቃል ግን አንዲት ልጅ እንኳ አላወጣም። ዕቃዬን አንሥቼ ስሄድ፣ ጨው ሻጯ ከኋላዬ «አንቺ የሌባው ቤት፣ እስቲ መስፈሪያሽን አውሺኝ» ስትል ሰማሁ።