ቆጣሪው ሊቀየር ሲል

ባለቤቴ እመቤት ካረፈች ሁለት ወሯ ነው።

ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን በየወሩ እየተነበበ ሂሳብ የሚመጣለት አሮጌ የመብራት ቆጣሪ ነው ያለው። አንባቢው ጋሽ ደሴ በር ላይ ቆመው «እመቤት! ቆጣሪ!» ብለው ይጣራሉ። ከቀብሯ በኋላም ልማድ ሆኖባቸው ስሟን ጠሩ። ያንን ዳግመኛ ላለመስማት ስል የካርድ ቆጣሪ እንዲገባልኝ አመለከትሁ። በካርድ ከሆነ ቀድሞ ሞልቶ መጠቀም ነው፤ በር የሚያንኳኳ አይኖርም።

ባለሙያው ሊቀይር የመጣ ዕለት ጋሽ ደሴም የመጨረሻውን ንባብ ሊወስዱ አብረውት መጡ። እኔ በረንዳ ላይ ልጃችንን ገንፎ ላጎርሳት እታገላለሁ። ዓመት ከመንፈቋ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አፏን ገጥማ እምቢ ትላለች፤ ከስታብኛለች።

«እዚያ ሆነህማ አትበላልህም» አሉኝ ጋሽ ደሴ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እናቷ ቆጣሪው ሥር አቅፋት ነበር የምታበላት። በመስታወቱ ውስጥ የሚዞረው ክብ ቀይ ምልክት አለው አይደል? እሱ ዞሮ ሲመጣ አንድ ጉርሻ። ስንቴ ቆሜ አይቻለሁ! አንተ አታውቅም እንዴ?»

አላውቅም ነበር። በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ነኝ።

አቅፌ ቆጣሪው ሥር ወሰድኋት። ቀዩ ምልክት ብቅ ሲል አፏን ከፈተች።

ባለሙያው መፍቻውን ይዞ «ታዲያ ልንቀለው?» አለኝ።

«ተወው ወንድሜ፤ ይቅር።»

ክቡ ግን ቀስ እያለ ስለሚዞር ልጅቷ መነጫነጭ ጀመረች። ጋሽ ደሴን አሳቀፍኋቸውና ወደ ውስጥ ገባሁ። ቶሎ ቶሎ እንዲዞርላት፣ ምንም ሳልጥድበት የኤሌክትሪክ ምድጃውን አበራሁት።